በመቀነቴ ጫፍ የቋጠርኩት ነሐስ

ጥፋተኛው ጌታቸው ነው። ታናሽ ወንድምህ ጌታቸው። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው፣ ደብዳቤው ሲረዝም ልቤ ራርቶ እንዳልተወው ፈርቼ ነው።

ውድ ባለቤቴ ሽፈራው፤

መምህርታችን ደብዳቤ ሲጀመር ቀንና አድራሻ ይጻፋል ብላ አስተምራናለች። ቀኑን ጻፍኩ። አድራሻህ ላይ ስደርስ እስክሪብቶዬን ይዤ ብዙ ቆየሁና ዘለልኩት። ቀጥሎ ስለ ጤና ይጠየቃል ትላለች፤ ያንንም ዘለልኩት። ከተለየኸኝ ሰባት ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። በዚህ ሁሉ ጊዜ የምነግርህ ነገር ነበረኝ፣ የሚጽፍ እጅ ግን አልነበረኝም። አሁን አለኝ። ፊደሎቼ ትልልቅ ናቸው፤ ከመስመሩም እየወጡ ያስቸግሩኛል። ታገሠኝ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። በጓዳ በኩል ያፈስ የነበረው ጣሪያ ተደፍኗል፤ ልጃችን ሮማን ሠራተኛ ይዛ መጥታ አስደፈነችው። ሮማን ደህና ናት። ሳሪስ አቦ ነው የምትኖረው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ትጠይቀኛለች። ሁለተኛ ልጇን ወልዳለች፤ አፍንጫው ያንተ ነው፣ ምስኪን። የተከልከው ዘይቱና አጥሩን አልፎ ወደ ጎረቤት ስለዘመመ ፍሬውን የሚበሉት እነሱ ናቸው። የሠራህበት ፋብሪካ ግማሹ መጋዘን ሆኗል። የማለዳው ጡሩምባ ከቆመ ቆየ፤ አሁን የሚቀሰቅሰኝ ወደ ቂሊንጦ ሠራተኛ የሚጭነው አውቶቡስ ክላክስ ነው። ባርኔጣህ በሩ ጀርባ ምስማሩ ላይ እንዳለ ነው። አቧራውን አራግፌ እመልሰዋለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የሚስተር ራኦ አደራ ጠፋ።

ጠፋ ብዬ መጻፌም ልክ አይደለም። በገዛ እጄ ነው ያስረከብኩት። ይህን ደብዳቤ መምህርቴም፣ ሮማንም፣ ምናልባት ሌላ ሰውም ያነበው ይሆናልና፣ አንተ የምታውቀውንም ቢሆን ከመጀመሪያው ላውራው።

አዲስ ሙሽራ ሆኜ ወደ ሠራተኞች መደዳ ቤት ስገባ፣ አንተ በሽመና ክፍል የማሽን ጠጋኝ ነበርክ። ሚስተር ራኦ ከህንድ አገር የመጣ ባለሙያ፣ አለቃህ ነበር። ቤቱ ከእኛ ቀጥሎ ነው፤ በመካከላችን የቆርቆሮ አጥር ብቻ። አጥሩ ምስማር የበሳው ቀዳዳ ነበረው። በገባሁ በሦስተኛው ይሁን በአራተኛው ቀን፣ ማለዳ፣ በዚያ ቀዳዳ አየሁት። በባልዲ ውኃ ታጥቦ፣ ነጭ ጨርቅ አገልድሞ ቆሟል። በመዳፉ ላይ ቢጫ አፈር በውኃ እያሸ ጭቃ አደረገ። ከዚያ ከትንሽ የእንጨት ሳጥን እጀታ ያለው የነሐስ ማኅተም አውጥቶ፣ ጭቃው ላይ እየነከረ ክንዱን አተመ። ሌላ አንሥቶ ደረቱን። ሌላ አንሥቶ ሆዱን። ግንባሩ ላይ ቀጥ ያለ መስመር በጣቱ ሳበ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ሰውነቱ በቢጫ ምልክት ሲሞላ ሸሚዙን ከላይ ለበሰ፣ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ቆለፈ፣ ጡሩምባው ሲነፋም እንደ ማንኛውም ሰው ወደ ሥራው ሄደ።

እኔ ጠንቋይ አጠገብ አመጣኸኝ ብዬ አለቀስኩ። አንተ ሳቅህ።

«ዘኔ፣ አንቺስ ከጠበል ስትመለሺ እምነት ግንባርሽ ላይ ትቀቢ የለም እንዴ? የተባረከ አፈር አይደለም? እሱም የሱን ነው የተቀባው» አልከኝ።

ከዚያ ወዲያ አልፈራሁትም። ሥጋ አይበላም፣ እንቁላል አይነካም፤ የሰፈሩ ሴቶች «ይሄ ሰውዬ ፋሲካ የማይደርስለት ምን በድሎ ነው?» እያሉ ይሥቁበት ነበር። አማርኛውስ! ወንዱን ሁሉ አንቺ እያለ ነበር የሚጠራው። «ሽፈራው፣ አንቺ መፍቻ አምጪ» ሲልህ ክፍሉ በሙሉ ይንከተከታል፤ አንተ ከነዚያ ሪዝህ «አቤት ጌታዬ» ትለዋለህ። አላረምከውም። ለምን አታርመውም ስልህ፣ ደስ ይለኛል አልከኝ።

ወደ አገሩ እንዲመለስ የታዘዘ ጊዜ የተሰጠው ቀን ጥቂት ነበር። አሮጌ ነሐስ ይዞ ሲወጣ ፍተሻ ላይ ይወሰድብኛል ብሎ ፈራ። አምስቱ ማኅተሞች ከአያቱ አያት የወረዱ ናቸው። ሳጥኑን በሁለት እጁ ይዞ ደጃችን መጣና «ሽፈራው፣ አንቺ ጠብቂ። እኔ ካልመጣ ልጅ ይመጣል» አለ። ያን ቀን በአማርኛው ማንም አልሣቀም።

ጠበቅክለት። በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ ዋዜማ ሳጥኑን ከቁም ሳጥን ታወርድና በሎሚና በአመድ ታሻቸዋለህ፤ ጋዜጣ ላይ ደርድረህ መስኮት ሥር ታደርቃቸዋለህ። እኔ ስም አወጣሁላቸው፦ ዛጎሉ፣ መንኮራኩሩ፣ ዱላው፣ አበባው። አምስተኛው ላይ ሥዕል አልነበረም፤ የማላውቀው ፊደል ነበር። የሚታወቅ ፊደል እንደነበረኝ አስመስዬ መጻፌ ነው እንጂ፣ ለእኔ የሁሉም አገር ፊደል አንድ ነበር።

እዚህ ላይ እጄ ይከብደኛል፤ ግን ልጻፈው። መሠረተ ትምህርት ወደ ሰፈራችን ሲመጣ ልማር ብዬህ ነበር። ደብተር ሁሉ ገዝቼ ነበር። አንተ ደብተሩን አገላብጠህ አየኸውና «እኔ እያለሁልሽ ፊደል ምን ያደርግልሻል?» አልከኝ። በክፋት አይደለም። በፍቅር ነው ያልከው፤ እኔም እንደ ፍቅር ተቀበልኩት። በደብተሩ ላይ የሽመና ክፍሉን የማሽን ቁጥር ጻፍክበት። ከዚያ ወዲህ ማንም ምን ቢጠይቀኝ መልሴ አንድ ሆነ። ከቀበሌ ወረቀት ሲመጣ፣ ሽፈራው ያውቃል። የሮማን ትምህርት ቤት ሲያስጠራ፣ ሽፈራው ያውቃል። የመድኃኒቱ አወሳሰድ፣ የመብራቱ ቆጣሪ፣ ሁሉንም ሽፈራው ያውቃል።

በሴቶች እድር ግን አንተ አብረኸኝ አትቀመጥም። ስብሰባ በመጣሁ ቁጥር ፀሐፊዋ አውራ ጣቴን እንደ ሕፃን ጣት ይዛ ቀለም ውስጥ ትነክረውና መዝገቡ ላይ ትጫነዋለች። ቀለሙ እስከ ማግስቱ ጥፍሬ ውስጥ ይቆያል። ገበያ ስወጣ እጄን ነጠላዬ ሥር እደብቅ ነበር። አንድ እንቁጣጣሽ ታዲያ፣ ነሐሶቹን ስታሻቸው ባለፊደሉን አነሣሁና «ይሄንን ስጠኝ፣ ልፈርምበት» አልኩህ።

እንባህ እስኪወርድ ሣቅህ። ከዚያ ፊደሉን በአውራ ጣትህ ዳበስከው። «ስም ነው የተጻፈበት፤ ራኦ ነግሮኛል» አልከኝ። የማን ስም ነው ብዬ አልጠየቅሁህም። ስም ከሆነ ይበቃኛል አልኩ። አንተም የሰው አደራ መሆኑን እያወቅህ፣ ለእኔ ደስታ ብለህ አምስቱን ለያየሃቸው። በሚቀጥለው ስብሰባ ራስህ አብረኸኝ ሄደህ ለሊቀ መንበሯ «ከዛሬ ጀምሮ የዘነበች ፊርማ ይሄ ነው» አልካት። ሴቶቹ እየተቀባበሉ አዩት። «ባለማኅተሟ መጣች» እያሉ ይቀልዱብኝ ጀመር፤ ቀልዱን ወደድኩት። በመቀነቴ ጫፍ ቋጥሬ ያዝኩት። ቀለም ነክሬ መዝገቡ ላይ ሳሳርፈው ቀና ብዬ ነበር።

በመጨረሻው ሳምንትህ ሳሉ ሲለቅህ የምታወራው ስለ ሳጥኑ ነበር። «ሰው ይመጣል ዘኔ። ሳትሰጪ እንዳትሞቺ» አልከኝ። እሺ አልኩህ። እጅህን ይዤ ነው እሺ ያልኩህ።

አርባህ ባለፈ በሳምንቱ ጌታቸው መጣ። ባርኔጣህን አይቶ አለቀሰ፤ ልቅሶው የውሸት አይመስለኝም፣ ይህንንም ለእውነት ብዬ እጽፋለሁ። ከዚያ ዓይኑን ጠራርጎ ስለ ሳጥኑ አነሣ።

«እትዬ፣ ይሄ የድሮ ዕቃ እኮ ሳይመዘገብ ቤት ውስጥ ከተገኘ ያስጠይቃል። ቅርስ ነው። እኔ አስመዝግቤ ነገ እመልስልሻለሁ» አለኝ። ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። «እዚህ ጋ ብቻ ማኅተምሽን አሳርፊልኝ።»

ምን ይላል ብዬ ጠየቅሁት። «ምንም አይደለም እትዬ፣ ደረሰኝ ነው» አለኝ። ወረቀቱን ተቀብዬ ገልበጥ አድርጌ አየሁት። ጉንዳን የሄደበት ይመስላል። ሽፈራው ያውቃል ልል አፌን ከፈትኩ፤ አንተ የለህም። ስለዚህ ጌታቸው ያውቃል አልኩ። መቀነቴን ፈታሁ፣ ማኅተሜን ቀለም ነከርኩ፣ አተምኩ። ሳጥኑንም ከነአራቱ ነሐስ አስረከብኩት።

በማግስቱ አልመጣም። ስደውልለት «ተራ ይዘናል እትዬ» ይለኛል። በሌላ ጊዜ «ኃላፊው ተቀይሮ ነው።» ቆይቶ ስልኩን የምታነሣው ሚስቱ ሆነች። እኔ ግን በየእንቁጣጣሹ ዋዜማ ሎሚና አመድ አዘጋጅ ነበር፤ ድንገት ይዟቸው ቢመጣ ብዬ።

የዛሬ ሁለት ዓመት በጥቅምት፣ ቅዳሜ ቀን፣ ደጃችን መኪና ቆመ። ፀጉሯ የሸበተ ህንዳዊት ወረደች። የዘመድ ልጅ ቂሊንጦ ካሉት ፋብሪካዎች ባንዱ ይሠራል፤ እሱን ልትጠይቅ ነው የመጣችው። ሾፌሩ ያስተረጉማታል። ፎቶግራፍ ይዛለች፦ አንተና ሚስተር ራኦ ማሽን ፊት ለፊት ቆማችሁ፣ አንተ መፍቻ ይዘህ። ስሟ ሱማ ነው፣ የራኦ ልጅ ናት። አባቷ ሞቶ ዓመቱ ሊሞላ ነበር። በዚያ ቀን ታላቅ ወንድሟ በአያቶቹ ማኅተሞች ሰውነቱን አትሞ ሊጸልይለት ይፈልጋል። አባቷ ሊሞት ሲል ያንተን ስም ጠርቶ የተናገረውን፣ ትርጉሙን ሳታውቅ በቃሏ ይዛዋለች። ቀስ ብላ፣ እንደ ጸሎት ደገመችልን።

«ሽፈራው። አንቺ ጠብቂ።»

በዚያ ቤት ውስጥ አንተ አልነበርክም። አንቺ የምባለው እኔ ነበርኩ።

ሮማን ደወለችለት፤ ጌታቸው መጣ። እንደሚያፍር ሰው አልነበረም፣ የወረቀቱን ቅጂ ይዞ ነው የመጣው። ሮማን ጮክ ብላ አነበበችው። እኔ ወይዘሮ ዘነበች፣ አራቱ የነሐስ ዕቃዎች የግል ንብረቶቼ መሆናቸውን አረጋግጬ፣ በሙሉ ፈቃዴ ሸጬ አስረክቤአለሁ፤ ይላል። ሥሩ ላይ ማኅተሜ አለ፣ ጥርት ብሎ።

«አንቺው እኮ ነሽ ያተምሽው እትዬ። ደግሞ ለባዕድ አምልኮ ዕቃ ይሄን ያህል!» አለኝ።

የገዛው የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ነው፤ ለውጭ አገር ሰው አሳልፎ ሸጧቸዋል፣ የት እንደደረሱም አይታወቅም። በኋላ ከሮማን ጋር አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበትን ሁሉ ዞረናል። መስቀል አየን፣ የበቅሎ ዕቃ አየን፣ ያንተን ዛጎልና መንኮራኩር ግን አላገኘንም።

ሱማ የምንባባለውን አልተከተለችም። ወረቀቱን ከሮማን እጅ ተቀብላ ማኅተሙን ትኩር ብላ አየችው። ከዚያ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሾፌሩን አንድ ነገር አለችው፤ እሱም ወደ እኔ ዞሮ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እማማ፣ ይሄ የአምላካቸው ስም ነው ትላለች» አለኝ።

እንግዲህ አስበው ሽፈራው። ለእድር ስብሰባ፣ ለቀብር ተራ፣ ለድንኳን ኪራይ፣ በስተመጨረሻም ለሌብነት፣ እነዚህ ሰዎች ታጥበው ደረታቸው ላይ የሚያሳርፉትን ስም ነው ሳትም የኖርኩት። አንተ ታውቅ ነበር። ስም ነው ብቻ አልከኝ።

መቀነቴን ፈታሁ። የቀረኝን አንዱን በሁለት እጄ ሰጠኋት። ከቀለም ብዛት ጠቁሯል። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ዓይኖቿ ላይ አስነካችውና ውኃ ጠየቀች። በሎሚ አጠበችው፣ በአመድ አሸችው፤ እኔ ነኝ ያቀረብኩላት። ላዩ በራ፣ ከፊደሉ ጎድጓዳ ውስጥ ግን ቀለሙ አልወጣም። ከቦርሳዋ ትንሽ ቢጫ አፈር አውጥታ አራሰችና ክንዷ ላይ አተመችው። ቢጫ ሆኖ አልወጣም። አመድማ ሆነ። ለረጅም ጊዜ አየችው፤ አልጠረገችውም፣ እጅጌዋን ከላይ መለሰችበት።

ልትሄድ ስትል ማስታወሻ ደብተርና እስክሪብቶ ዘረጋችልኝ። ሾፌሩ «ስምዎን ይጻፉላት፤ ለወንድሟ ማን እንደጠበቀው ትነግረዋለች» አለኝ። ጠበቀው አለች እኮ። ሮማን ልትጽፍልኝ እጇን ሰደደች፤ ሱማ በእጇ ምልክት ከለከለች፣ እኔ እንድጽፍ ነው። እስክሪብቶውን ያዝኩ። እንዴት እንደሚያዝ እንኳ አላወቅሁም። መለስኩላት። ከዚያ አውራ ጣቴን ማኅተሙ ባጠቆረው ውኃ ነክሬ፣ ንጹሑ ገጽ ላይ ጫንኩት።

በሚቀጥለው ሰኞ የጎልማሶች ትምህርት ተመዘገብኩ። በመዝገቡ ላይም በጣቴ ነው የፈረምኩት፤ ለመጨረሻ ጊዜ ነው ብዬ። መምህርቷ በሮማን ዕድሜ አትደርስም። አጠገቤ የምትቀመጠው ከቃሊቲ የምትመጣ ጉልት ነጋዴ ናት፤ «እማማ ዘኔ፣ እርስዎ በዚህ ዕድሜዎ ዳኛ ሊሆኑ ነው?» እያለች ታሥቀኛለች። እኔ ሥቄ አላውቅም ነበር፣ ካንተ በኋላ። ፊደሉ አልገባ ሲለኝ ግን ቤት እየመጣሁ ባርኔጣህን ተቆጥቼዋለሁ። ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ነው፣ ያን ደብተር ባትወስድብኝ ኖሮ ብዬዋለሁ። ፊት ለፊትህ ያልተቆጣሁትን ሁሉ ምስማር ላይ ለተንጠለጠለ ባርኔጣ ነው የተናገርኩት።

ስሜን ሳልሳሳት መጻፍ የቻልኩ ቀን ነጭ ወረቀት ላይ በትልቁ ጻፍኩት፤ ሮማን በስልኳ ፎቶ አንሥታ ለሱማ ላከችላት። ከቀናት በኋላ መልስ መጣ። ቃል የለውም፣ ፎቶ ነው። የወንድሟ ሰውነት ነው፣ ሽማግሌ ሆኗል፣ የአባቱ ትከሻ። ደረቱ ላይ አንድ ምልክት ብቻ አለ፣ የእኛው ባለፊደሉ ማኅተም። ክንዶቹ ባዶ ናቸው፣ ሆዱም ባዶ ነው። ሌላ ማኅተም ማሠራት ይችል ነበር፤ ነሐስ እዚያ አገር አይጠፋም። አላሠራም። ለአራቱ ቦታቸውን ትቶላቸዋል።

ሰዎች ጌታቸውን ይቅር በይው ይሉኛል። ሁዳዴ በገባ ቁጥር ይሉኛል። ቤቱ ልቅሶ ቢሆን እደርሳለሁ፣ ቢታመም እጠይቀዋለሁ፣ የእድር ደንብ ነው። ይቅርታውን ግን እስካሁን ፈልጌ አላገኘሁትም። ሲገኝ እነግርሃለሁ። የራሴንም ጥፋት አልሸሽም፤ ሳላውቅ ያተምኩት እኔ ነኝ። ያንተን ደግሞ እነሆ ጻፍኩት። ከሁሉ የከበደኝ ያንተን መጻፍ ነው፤ ምክንያቱም ያን ያህል ወደኸኝ ነው ያንን ያህል ያሳወርከኝ።

ስለዚህ ቃሌ ይህ ነው። አስታውስሃለሁ። እንቁጣጣሽ በመጣ ቁጥር ሎሚና አመድ አቀርባለሁ፤ የምወለውለው ባይኖርም መስኮቱ ሥር ጋዜጣ አነጥፋለሁ። ጋዜጣውን ግን አሁን አነበዋለሁ። «አቤት ጌታዬ» ስትል የነበረውን ድምፅህን አስታውሳለሁ፤ የእጅህን የዘይት ሽታ፣ እንባህ እስኪወርድ የሣቅኸውን ሣቅ ሳይቀር። መቀነቴን ዛሬም እታጠቃለሁ፤ ጫፉ ላይ ቋጠሮው የነበረበት ቦታ ጨርቁ ሳስቷል፣ በጣቴ እዳብሰዋለሁ።

ባለፈው እሑድ እድር ላይ ፀሐፊዋ አዲስ መተዳደሪያ ይዛ መጣችና «ማዘር፣ እዚህ ጋ ይፈርሙ፣ ምንም አይደለም» አለችኝ። ሴቶቹ ሁሉ ተራቸውን እየጠበቁ ነው። የለመድኩት ቃል አፌ ላይ ደረሰ። ዋጥኩት። መነጽሬን አደረግሁና ከመጀመሪያው መስመር ጀመርኩ፤ ሁለት ገጽ ነው፣ ሁሉንም አስጠበቅኋቸው። ከኋላዬ ሲያጉረመርሙ ሰማሁ። ጨርሼ፣ ገብቶኝ፣ ስሜን ጻፍኩ።

እወድሃለሁ፣ ሽፌ። ከእንግዲህ ግን «ሽፈራው ያውቃል» አልልም።

ባለቤትህ፣
ዘነበች